ትንበያው በግንቦት ይነገራል፣ ጎርፉ ግን በነሐሴ «ድንገተኛ» ይባላል



ይህን የምንጽፈው ከሰበታ ነው። ግንቦት እየተገባደደ ነው። የወጨጫ ራስ ከዙህር በኋላ መጥቆር ጀምሯል፣ ከሰፈራችን በላይ ያለው የውኃ መውረጃ ዲች ደግሞ አምና እንደተደፈነ ነው። አንድ ነገር ሳንናገር ክረምቱ እንዲገባ አልፈለግንም።

በየዓመቱ በዚህ ወቅት የምናየውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል ከናይሮቢ በኩል ለምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የሰኔን፣ የሐምሌን፣ የነሐሴንና የመስከረምን አጠቃላይ ትንበያ ያወጣል። ቀጥሎ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች በአንድ አዳራሽ የአገራችንን የክረምት ትንበያ ያቀርባሉ። ባለቀለም ካርታ ይታያል፤ አረንጓዴው ዝናብ የሚበዛበት ነው፣ ቡናማው የሚያንስበት። በመጨረሻ ያቺ የታወቀች ዓረፍተ ነገር ትነበባለች፦ በአንዳንድ አካባቢዎች ቅጽበታዊ ጎርፍ ሊከሰት ስለሚችል «የሚመለከታቸው አካላት» ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ። ዜናው እዚያ ላይ ያበቃል። ስፖርት ይቀጥላል።

ከዚያ ሐምሌ ይመጣል፣ ነሐሴ ይመጣል፣ ውኃ ቤት ይገባል። በማግስቱ በዚያው ቴሌቪዥን «ድንገተኛ የጎርፍ አደጋ ደረሰ» ይባላል። ከሁለት ወር በፊት በካርታ የተነገረ ነገር በምን መንገድ ድንገተኛ ሆነ?

ጠባችን ከትንበያው ጋር አይደለም። ባለሙያዎቹ በሚችሉት ልክ ሠርተው የሚያውቁትን ነግረውናል፣ አላህ ይስጣቸው። ጠባችን ትንበያው ከተነገረበት ቀን አንስቶ ውኃው ደጃፍ እስከሚደርስበት ሌሊት ድረስ ምንም ሳይሠራ ከሚያልፈው ሁለት ወር ጋር ነው። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሁሉ ይመለከተዋል፤ እኛንም ጨምሮ።

የራሳችንን እንንገራችሁ። አምና ከመካከላችን አንዲት እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር ከዲቹ በታች ባለች አንዲት ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። ነሐሴ ውስጥ በአንድ ምሽት፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ተራራው ላይ ሲጥል ቆይቶ ሰፈራችን ላይ ገና ካፊያ ሳለ ውኃው መጣ። መጀመሪያ በበሩ ሥር ገባ፤ ከዚያ የጓሮውን የብሎኬት ግድግዳ ገፍቶ ጣለው። ትንሹን ልጅ አዝላ፣ ሁለቱን እየጎተተች ወጣች። አልሐምዱሊላህ ሰው አልሞተም። ዱቄቱ፣ ፍራሹ፣ የልጆቹ ደብተር፣ ለኪራይ ያስቀመጠችው ብር ግን በዚያ ሌሊት ሄደ።

የሚያንገበግበን ከዚህ በፊት የሆነው ነው። በግንቦት፣ ትንበያው በተነገረ ሰሞን፣ ያ ዲች መንገዱን የሚያቋርጥበት ቱቦ በግንባታ አፈርና በፌስታል መደፈኑን ጽፈን፣ የአካባቢው ሰው ፈርሞበት፣ ለአንድ ጽሕፈት ቤት አስገብተን ነበር። ደብዳቤው ላይ ማኅተም ተመታበት፣ «ለሚመለከተው» ተብሎ ተመራ። ሁለት ጊዜ ተመላልሰን ጠየቅን። አንዴ ባለጉዳዩ ስብሰባ ላይ ነው ተባልን፣ አንዴ በጀት ተዘግቷል ተባልን። ጎርፉ ከገባ በኋላ ግን ሰዎች በመኪና መጡ፣ ፎቶ አነሱ፣ የተፈጥሮ አደጋ ነው ብለው አጽናኑን።

ቱቦውን የደፈነው ተፈጥሮ አይደለም። በባለ ሲኖትራክ መኪና መጥቶ የተደፋ አፈር ነው፤ ሲደፋም ያየን ሰዎች አለን።

አሁን ትንበያው ራሱ ምን እንደሚል ጥቂት እናስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። «ከመደበኛ በላይ ዝናብ» ሲባል ነቢይነት አይደለም፣ የዕድል ስሌት ነው። ያለፉት 30 ክረምቶች ከዝናባማው እስከ ደረቁ ተደርድረው በሦስት እኩል ይከፈላሉ። ምንም ምልክት ባይኖር ለእያንዳንዱ ሲሶ ዕድሉ 33 በመቶ ገደማ ነው። ባለሙያዎቹ የውቅያኖሶችን ሙቀት ያያሉ። ኤልኒኞ ሲኖር የእኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይደክማል፣ ላኒኛ ሲኖር ብዙ ጊዜ ይበረታል። ስለዚህ ዘንድሮ ለዝናባማው 50፣ ለመካከለኛው 30፣ ለደረቁ 20 በመቶ ሊሉ ይችላሉ። ይህ ማለት ዝናቡ ሊያንስም ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ «አምና ይበዛል ብለው አነሰ፣ ውሸታሞች ናቸው» የሚል ሰው የተነገረውን አልሰማም።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን ሌላ ነው። የክረምቱ ድምር ቤት አያፈርስም። ቤት የሚያፈርሰው የአንድ ሰዓት ዝናብ ነው። ካርታው ላይ ሰበታ አረንጓዴም ትሁን ቡናማ፣ በሐምሌና በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ዲቹን ለመሙላት ይበቃል። «ዘንድሮ መደበኛ ነው ተብሏል» ብሎ የሚተኛ አመራርም ሆነ ነዋሪ ያነበበው የገበሬውን ትንበያ ነው። ለገበሬው ድምሩ ይጠቅመዋል። ከዲች በታች ለተኛ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ወሬ ነው፦ ዛሬ ማታ፣ በዚህ ወንዝ፣ በዚህ ሰዓት የሚል።

ከተሞቻችን የተቀመጡበትን ቦታ ደግሞ እንመልከት። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ሰበታ ከእሱ ግርጌ በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም፤ በእኛ መካከል አልፎ ወደ አዋሽ ነው የሚወርደው። ቡራዩም እንዲሁ ከእንጦጦ ሰንሰለት ሥር ናት። ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚያቀርቡት ግድቦች ቀዳሚው የገፈርሳ ግድብ እዚያ የተሠራው ውኃው በተፈጥሮው ወደዚያ ስለሚሰበሰብ ነው። ሱሉልታ በእንጦጦ ጀርባ ያለች ሜዳ ናት። ዝናቧ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል፣ ግን ቶሎ አይሄድም። ሜዳው ዋልካ ነው፣ ክረምት ሲገባ ውኃ ያቁራል። እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። «ጨፌ» የሚለው የኦሮምኛ ቃል፣ ዛሬ የክልሉ ምክር ቤት የሚጠራበት፣ ትርጉሙ ይኸው ርጥብ የሣር ሜዳ ነው። አባቶች ጨፌ ላይ ተሰብስበው መከሩበት እንጂ ቤት አልሠሩበትም። አሁን በዚያ ሜዳ ላይ ፋብሪካ፣ መጋዘንና መኖሪያ ሞልቶበታል። ውኃው ግን ቦታው የት እንደነበረ አልረሳም።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ጣለ እንበል። በ200 ካሬ ግቢ ላይ 8,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው፤ በትልቁ በርሚል 40 በርሚል። ድሮ ያ ግቢ የጤፍ ማሳ ወይም ሣር ነበር፣ ከዚያ ውስጥ ብዙውን አፈሩ ይጠጣው ነበር። ዛሬ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነው፣ ደጁም ኮብልስቶን ነው። እያንዳንዱ ግቢ 40 በርሚሉን ወደ ጎረቤቱ ይገፋል፤ ጎረቤቱም ወደ ታችኛው። በአንድ ሄክታር ላይ 400,000 ሊትር ይሆናል፣ 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 40 ጊዜ ተደፋ እንደማለት። ያ ሁሉ በመጨረሻ የሚደርሰው ከሁሉም በታች ወደ ተከራየችው እናት በር ነው። ከላይ ያለነው ሰዎች «እኛ ጋ አልገባም፣ አልሐምዱሊላህ» ስንል የማን ቤት እንደገባ ብናስብ መልካም ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ የጣለው በደጋው ላይ ነበር፤ ሰዉ ተኝቶ ሳለ ውኃው ደረሰበት። በዚያው ክረምት ኦሞ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። በ2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ያ አዋሽ ከእኛ ደጅ የሚያልፈው አዋሽ ነው፤ የበቾን ሜዳ በየክረምቱ ሐይቅ የሚያደርገው። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በዋና ከተማዋ መሐል፣ የአንድ ቀን ዝናብ ሰባት ሰው ገደለ። ከእነዚህ አንዱም ባልታሰበ ወር አልመጣም። ሁሉም በሐምሌና በነሐሴ አካባቢ፣ ክረምት ክረምት በሚሆንበት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣ መልስ አለ፦ «በወንዝ ዳር ማን ስፈሩ አላቸው? ሕገወጥ ሰፋሪዎች ናቸው።» ይህን መልስ ከቢሮ ብቻ ሳይሆን ከመስጂድ ደጅም ሰምተነዋል፣ ስለዚህ ዝም አንለውም። በአዲስ አበባ ኪራይ ያልቻለ ሰው ወደ ሰበታ ይወጣል። በሰበታ ዋና መንገድ ዳር ኪራይ ያልቻለ ወደ ውስጥ ይገባል። ወደ ውስጥም ያልቻለ ዲች ዳር ይደርሳል። ዲች ዳር የደረሰው እንግዲህ ምርጫ ቀርቦለት ጎርፉን መርጦ አይደለም። ያን መሬት የሸነሸነው ደላላ፣ ሲሸነሸን ያየው ኃላፊ፣ መብራት የቀጠለለት፣ ኪራይ የሚሰበስብበት አሉ። እነዚህ ሁሉ በነሐሴ ጠፍተው ተከራይዋ ብቻ ሕገወጥ ትባላለች።

ደግሞም «የጎርፍ ስጋት» የሚለው ቃል ራሱ አስፈሪ ሆኗል። ድሃ ይህን ቃል ሲሰማ ትዝ የሚለው ግድግዳው ላይ የሚሠመር ቀይ የኤክስ ምልክት ነው። ከአደጋ ቦታ ሰው ይነሣ ከተባለ ትክክል ነው፣ እኛም እንደግፋለን፤ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይነገረው፣ በበጋ ይነሣ፣ ቤቱ ሲፈርስም የሚገባበት ይኑረው። በሐምሌ ዝናብ ውስጥ ቤት አፍርሶ ቤተሰብን ሜዳ ላይ መተው ከጎርፍ ማዳን አይባልም። ይህ እስካልተስተካከለ ድረስ ድሃው ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ከውኃው ይልቅ አስጠንቃቂውን ይፈራል፤ አደጋ ላይ ነኝ ብሎ ራሱን አያስመዘግብም።

ከመንግሥት የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። እንግዲያው ከተራራው እስከ ወንዙ ያለውን ውኃ በአንድ ላይ የሚያይ አስተዳደር አለን ማለት ነው፤ ድሮ «ያ የሌላው ከተማ ድርሻ ነው» ይባል የነበረው ቀርቷል። ስለዚህ ትንበያው በተነገረ በሁለት ሳምንት ውስጥ በየወረዳው የትኛው ቱቦ ተደፍኗል፣ የትኛው ዲች በግንባታ ተበልቷል፣ ከሥሩ ስንት ቤተሰብ አለ የሚል ዝርዝር ወጥቶ በአደባባይ ይለጠፍ። ከእያንዳንዱ ፊት የኃላፊው ስም ይጻፍ። «የሚመለከታቸው አካላት» የሚባል ሰው እስካሁን በአካል አግኝተነው አናውቅም። ለኢንስቲትዩቱም አንድ ቃል አለን፤ በየ10 ቀኑ የሚወጣው መረጃ ለወረዳ ደርሶ እዚያ ፋይል ውስጥ ከሚቀር፣ ለሰፈር ሰው በሚገባ አማርኛና ኦሮምኛ፣ በከተማ ስም ተለይቶ ይምጣ። «በማዕከላዊ ኢትዮጵያ አንዳንድ ቦታዎች» ሲባል ማንም ሰው የእኔ ቤት ነው ብሎ አይነሣም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ የመረረው ክፍል ይኸኛው ነው።

ጎርፍ በገባ ማግሥት ከመካከላችን «ቀደር ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል። አዎ፣ ሁሉም በአላህ ውሳኔ ነው። ግን ግመሉን ሳያስር ተወከልኩ ያለውን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳሉት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረነዋል። በቀደር ማመን ለደረሰበት ሰው መጽናኛ ነው። ቱቦውን ለደፈነውና ሳይጠርግ ለቀረው ግን ሰበብ ሊሆን አይችልም። የዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ እያነበብን እንዴት እናልፋለን? እሳቸው ድርቅ ይመጣል ብለው አላቆሙም፤ እህሉ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ለስንት ዓመት እንደሚቆጠብ ተናገሩ፣ ሥራውንም ተረከቡ። ትንበያና ዕቅድ በአንድ አፍ ነው የተነገሩት።

እኛስ? በየነሐሴው ብርድ ልብስ እናሰባስባለን። አምና ለተጎዱት ያሰባሰብነውን እዚሁ ገጽ ላይ በፎቶ አውጥተናል፤ ብዙዎቻችሁም ረድታችኋል፣ አላህ ይቀበላችሁ። ግን ለብርድ ልብሱ ከወጣው ግማሹ በግንቦት ለአካፋ፣ ለጋሪና ለቀን ሠራተኛ ቢወጣ ኖሮ ያ ቱቦ በአንድ ቅዳሜ ይከፈት ነበር። ከዚህም የባሰ እንንገራችሁ። ዲቹን እየተከተልን ወደ ላይ ስንወጣ፣ መተላለፊያው የጠበበበትን አንዱን ቦታ አገኘን። የጠበበው በእኛው መድረሳ አጥር ነው። ግቢው ሲሰፋ አጥሩ ወደ ዲቹ አንድ ሜትር ተኩል ገባ፤ ያኔ ማንም አልጠየቀም፣ ለኸይር ሥራ ነው ተባለ። ለጽሕፈት ቤቱ ያን ደብዳቤ ስንጽፍ ይህን አናውቅም ነበር። አሁን አውቀናል። አጥሩ እንዲመለስ የመስጂዱ ኮሚቴ ተስማምቷል፤ ሥራው ግን ገና አልተጀመረም። ይህንንም የጻፍነው እንዲጀመር ነው።

እጃችን ላይ ያለውንም አልተጠቀምንበትም። ባንግላዴሽን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ የባሕር ማዕበል ቢያንስ 300,000 ሰው አለቀባት። ከዚያ በኋላ በጎ ፈቃደኞችን አደራጁ። ዛሬ ከ70,000 በላይ ናቸው፤ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ በእጅ ማጉያ በየቤቱ ይዞራሉ፣ የመስጂድ ድምፅ ማጉያም ማስጠንቀቂያውን ያስተላልፋል። በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ማዕበል ሲመጣ የሞተው 3,400 ያህል ነበር። ያም ብዙ ነው፣ ግን ከ300,000 ጋር አስተያዩት። ድሃ አገር ናት፤ ሰው ለሰው የሚነግርበትን መንገድ ስለሠራች ነው ይህን ያህል ያተረፈችው። የተባበሩት መንግሥታት በ2022 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2027 መጨረሻ በዓለም ያለ ሰው ሁሉ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰው ብሏል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው በማን በኩል እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አልሰማንም።

መስጂዶቻችን ማይክ አላቸው፤ በቀን አምስት ጊዜ ከዲቹ ሥር ያለው ቤት ድረስ ይሰማል። ዝናብን በተመለከተ አዛን ውስጥ መልእክት ማስተላለፍ ደግሞ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ዝናብና ጭቃ በበዛበት የጁሙዓ ቀን ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ ሙአዚናቸው እንዲያሳውቅ ማዘዛቸውን፣ ሰዎች ሲገረሙም ይህን ከእሳቸው የሚበልጠው እንደሠራው መናገራቸውን ዑለሞቻችን ያስተምሩናል። ሙአዚን ለሰው ጥንቃቄ ሲል ወደ መስጂድ አትምጡ ማለት የሚችል ከሆነ፣ «ከላይ ውኃ እየመጣ ነው፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ» ማለት እንዴት ያቅተዋል? የሚያስፈልገው ወጨጫ ሥር የሚኖር ስልክ የያዘ ወንድም ነው። አምና ውኃው ከላይ ተነስቶ ሰፈራችን ለመድረስ የፈጀው ጊዜ፣ እዚያ ያሉ ሰዎች እንደነገሩን፣ ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ሃያ ደቂቃ አንዲት እናት ሦስት ልጅ፣ ደብተርና የኪራይ ብሯን ይዛ ለመውጣት ይበቃታል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ማይክ አላቸው፣ ዕድሩም ጡሩምባ አለው። ጎርፉ የማንን ቤት እንደሚመርጥ ስላላየን አብረን እንድንሠራ አነጋግረናቸዋል፤ ደስ ብሏቸው ተቀብለውናል።

ከላይኛው ሰፈር ሁለት ወንድሞች በየተራ ለመደወል ቃል ገብተዋል፤ ኢማማችንም ማይኩ በማንኛውም ሰዓት እንዲከፈት ፈቅደዋል፣ ቁልፉ ከሙአዚኑ ቤት ነው። ደብዳቤያችንን ዘንድሮም በድጋሚ አስገብተናል፤ የማኅተሙን ቀን ፎቶ አንስተን ይዘናል። ቱቦውን ግን መልሱን እስክናገኝ አንጠብቅም። የፊታችን ቅዳሜ ከፈጅር ሶላት በኋላ ከመድረሳው አጥር ጀምረን ወደ ታች እንወርዳለን። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ፣ ጋሪ ያለው ይንገረን፣ ቦቲ ጫማ የሌለው ከኮሚቴው ይጠይቅ። እህቶች ሻይና ቁርስ እናዘጋጃለን ብለዋል፤ ያቺ እናትም አለችበት፣ አሁንም የምትኖረው እዚያችው ክፍል ነው።